አስታማሚዋንስ ማን ጠየቃት?

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ በሽተኛ አይደለም። ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ስለምትቀመጠው፣ ሌሊት በየሰዓቱ ስለምትነሳው፣ በሕክምና ካርዱ ላይ ግን ስሟ ስለማይጻፈው ሰው ነው፤ ስለ አስታማሚ። በአብዛኛው ሴት ስለሆነች "እሷ" እያልኩ እናገራለሁ። ሚስቱን የሚያስታምም ባል፣ አባቱን አዝሎ ሽንት ቤት የሚያደርስ ወንድ ልጅም በየሰፈሩ አለ፤ የምናገረው ለእነሱም ነው።

በማንኛውም ትልቅ ሆስፒታል በር ላይ በጠዋት ብትቆሙ ታዩዋታላችሁ። በአንድ እጇ ምሳ ዕቃና ፔርሙዝ፣ በሌላው የምርመራ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል ይዛ ከጥበቃው ጋር ስለ መግቢያ ሰዓት ትነጋገራለች። ካርድ ክፍል የምትሰለፈው እሷ ናት። ናሙናውን ላቦራቶሪ የምታደርሰው፣ ውጤቱን የምትቀበለው፣ "ይህ መድኃኒት እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዙ" ስትባል ከፋርማሲ ፋርማሲ የምትዞረው፣ ደም የሚለግስ ዘመድ በስልክ የምታፈላልገው እሷ ናት። ማታ ከአልጋው ሥር ካርቶን ወይም ጋቢ አንጥፋ ጋደም ትላለች። የሕክምና ተቋሞቻችን ከሠራተኞቻቸው ቀጥሎ የቆሙት በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ነው። ደመወዝም፣ ፈረቃም፣ የዓመት ፈቃድም የላቸውም።

የሆስፒታሉ ጊዜ እንኳ ያልቃል። አንድ ቀን ሐኪሙ "ከእንግዲህ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟቸው" ይላል፤ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ያን ዕለት ነው። ስትሮክ ግማሽ አካሉን የያዘው አባት አለ። የመርሳት በሽታ ይዟት የወለደቻትን ልጅ "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" የምትል እናት አለች። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለኩላሊት እጥበት የሚመላለስ ወንድም፣ ካንሰር ያለባት እህት፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ጎረምሳ፣ ራሱን ችሎ መቀመጥ የማይችል ሕፃን አለ። እነዚህን ሰዎች ማስታመም የሳምንት ወይም የወር ሥራ አይደለም። ዓመታት ይፈጃል። ሰው የዓመታት ሥራ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ደግሞ ሰውነቱ ሒሳቡን ይጠይቃል።

መጀመሪያ የሚጎዳው እንቅልፍ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ መተኛት ይኖርበታል። አስታማሚዋ ብትተኛም ጆሮዋ አይተኛም። በሽተኛው ሲያቃስት ትነሳለች፣ ዝም ሲል ደግሞ "ምን ሆነ?" ብላ ትነሳለች። ቀጥሎ ወገቧ ይሄዳል፤ ከእሷ የሚከብድ ሰው በየቀኑ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። ምግቧ የተረፈውን መቅመስ ይሆናል። የራሷ የደም ግፊት መድኃኒት ያልቅና "ነገ እገዛዋለሁ" እያለች ወሩ ያልፋል። የአባቷ ቀጠሮ ግን አንድም ቀን አያመልጣትም። ሐኪም ዘንድ በየጊዜው ትመላለሳለች፤ ስለ ራሷ ግን አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትመለሳለች።

ጭንቀቱም ቢሆን በሐሳብ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ይህን ካሳዩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1995 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቿ የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመዳቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን፣ በዕድሜ ከሚቀርቧቸውና ማንንም ከማያስታምሙ 13 ሴቶች ጋር አነጻጸሩ። በፈቃዳቸው በሁሉም ክንድ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር የምታህል ትንሽ ቁስል ተደረገች፤ እስክትድን ድረስም ተከታተሏት። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ ዘጠኝ ቀን ያህል ዘገየ። ቁስሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የዘገየው ሰውነታቸው ነው። ጭንቀት ሲራዘም ኮርቲሶልን የመሰሉ የሰውነት ሆርሞኖችን አሠራር ያዛባል፤ ቁስል የሚጠግነውና ተላላፊ በሽታ የሚከላከለው ኃይልም ይዳከማል። "እናቴን ማስታመም ከጀመርኩ ወዲህ ጉንፋን አይለቀኝም" የምትል ሴት ብትሰሙ ምክንያት ፍለጋ ነው አትበሉ።

ከዚህ የሚያስደነግጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች የተባሉ ተመራማሪዎች ከ66 እስከ 96 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ባለትዳሮች ለአራት ዓመት ያህል ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። የትዳር ጓደኛቸውን እያስታመሙ "ከብዶናል" ያሉት ሰዎች በእነዚያ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከማያስታምሙት እኩዮቻቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን የነገርኳችሁ ላስፈራችሁ አይደለም፤ የጥናቱ ሁለተኛ ግማሽ ስላለ ነው። የትዳር ጓደኛቸውን እያስታመሙ ጫናው አልተሰማንም ያሉት ላይ ያ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ አደገኛው ማስታመሙ ራሱ አይመስልም። ወላጅን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማቀፍ ሰው አይገድልም፤ እንዲያውም ብዙዎች በሕይወታቸው ካደረጉት ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ይናገራሉ። አደገኛ የሚመስለው ሸክሙ ከአቅም ሲያልፍና የሚያግዝ ሲጠፋ ነው።

ታዲያ ሸክሙን የሚያከብደው ምንድን ነው? "የበሽታው ክብደት ነዋ!" ትሉ ይሆናል፤ ሁላችንም የምንገምተው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ስቲቨን ዛሪት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅና ባልደረቦቹ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የሚንከባከቡ 29 ሰዎችን አነጋገሩ። በሽተኛው ምን ያህል እንደሚረሳ፣ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መዘገቡ። ከዚያ አስታማሚው የሚሰማውን ጫና ለኩ። ሁለቱ አልተያያዙም። ከአስታማሚው ጫና ጋር ተያይዞ የተገኘው ሌሎቹ የቤተሰብ አባላት በሽተኛውን ምን ያህል ጊዜ መጥተው እንደሚጠይቁ ነበር። ብዙ ጠያቂ ባለበት ቤት አስታማሚው ጫናው ቀለል ይለው ነበር።

ያነጋገሩት ሰው ጥቂት ነው፤ ትንሽ ጥናት ነው። ከዚያ የተነሳው መጠይቅ ግን ዛሬ 22 ጥያቄዎች ይዞ በብዙ አገር፣ በእኛም አገር ተመራማሪዎች እጅ ይሠራበታል። እኔ ይህን ጥናት ከሌሎቹ አብልጬ የማየው ስለ እኛ ስለሚናገር ነው። በሽተኛ መጠየቅ እኛ አገር ማንም ያላስተማረን፣ ከሃይማኖታችንም ከጉርብትናችንም ጋር የተዋሐደ ነገር ነው። ሰው ታመመ ሲባል ብርቱካንና ሙዝ፣ ለስላሳ መጠጥ ይዞ የማይሄድ የለም። ይህን ያህል ጠያቂ ያለው ሕዝብ አስታማሚዎቹ ለምን ይደክማሉ?

እስቲ አንድ የጥየቃ ከሰዓትን እናስብ። ሦስት ሰዎች ይገባሉ። "እግዚአብሔር ይማርዎት" ይላሉ፤ በሽተኛው አጠገብ ይቀመጣሉ። አስታማሚዋ ወዲያው ትነሳለች፤ እንግዳ መጥቷልና። ቡና ትቆላለች፣ ዳቦ ትቆርሳለች። አንዷ ጠያቂ "ጠበል አልወሰዳችኋቸውም እንዴ?" ትላለች። ሌላው "እገሌ የተባለ ሐኪም አለ፣ እሱ ጋ ብትወስዷቸው ኖሮ እኮ..." ይላል። ሦስተኛው እንዲህ ባለ ሕመም የሞተ ዘመዱን ታሪክ ያነሳል። ሦስተኛው ዙር ቡና እንደተጠጣ ይነሳሉ፤ በሩ ላይ አስታማሚዋን "በርቺ፣ ጽድቅ ነው የምትሠሪው" ብለው ይስሟታል። ስኒውን ታጥባለች፣ ፍርፋሪውን ትጠርጋለች፤ የአባቷ መገላበጫ ሰዓት አልፏል። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ በፍቅር ነው የመጡት። ግን ሸክም ጨምረው ሄዱ።

ያው ጥየቃ በሌላ መልክ ይሁን። ጎረቤት የተቆላ ቡናዋን፣ ስኒዋንና ጀበናዋን ይዛ ትመጣለች፤ ራሷ ታፈላለች፣ ራሷ ታጥባለች። "አንቺ ሂጂና ሁለት ሰዓት ተኚ፤ እሳቸውን እኔ አጫውታለሁ" ትላለች። ወጣቱ ወንድም "ቅዳሜ ከሰዓት የእኔ ተራ ነው" ይላል፤ ይመጣልም። የአጎት ልጅ የመድኃኒቱን ወረቀት ተቀብሎ ፋርማሲ ይዞርላታል። ሌላ ዘመድ ደግሞ ፎጣውንና አንሶላውን ወስዶ አጥቦና አድርቆ ይመልሳል። "የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ" ማለት ጥሩ ነው፤ ግን የደከመ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ለመናገርም አቅም ያንሰዋል፣ መለመንም ያፍራል። ለይታችሁ ንገሯት፦ "ነገ ምሳ እኔ አመጣለሁ፣ አታብስዪ።" ይህ ብቻ ይበቃል።

የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች የምትሰሙን ካላችሁ ለእናንተም አንድ ሐሳብ አለኝ። እድር ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ድስት ያወጣል፣ ቀብር የሚወጣውን ይቆጣጠራል፣ የቀረውን ይቀጣል። ይህን የመሰለ አደረጃጀት ያለው ማኅበረሰብ ለሦስት ዓመት አልጋ ላይ የዋለ አባሉ ቤት በሳምንት አንድ ከሰዓት ሁለት ሰው በተራ መመደብ አያቅተውም። ለታመመ አባል ገንዘብ የሚሰጡ እድሮች አሉ፤ መልካም ነው። አስታማሚዋ ግን ከገንዘቡ ይልቅ አንድ ከሰዓት የሚቀመጥላት ሰው የምትመርጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ስብሰባችሁ ላይ ብታነሱት ወጪው ትንሽ ነው።

ጠያቂ ጨርሶ የማይመጣባቸው ቤቶችም አሉ። ጉንፋን፣ ቀዶ ሕክምና፣ ስብራት ሲሆን ሁሉም ይመጣል፤ የአእምሮ ሕመም ሲሆን ግን ጎረቤት በሩን አልፎ ይሄዳል። ቡታጅራ አካባቢ ተሾመ ሽብሬ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 178 ዘመዶች አነጋግረው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታተመ። 75 በመቶ የሚሆኑት በሕመሙ የተነሳ ቤተሰባቸው እንደሚገለል ወይም መገለል እንደደረሰበት ተናገሩ። 37 በመቶዎቹ ሕመሙን መደበቅ እንደሚሹ ገለጹ። በዚያው አካባቢ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ቤተሰቦች የተመለከተ ሌላ ጥናት ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የገንዘብ ችግር እንደገጠማቸው አሳየ። ልጁን ለመጠበቅ እርሻውን የሚተው አባት አለ፤ ገበያ የማትወጣ እናት አለች። የደበቀ ሰው ደግሞ ርዳታ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በሁለት ትከሻ ላይ ይቀራል።

ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶችም ይህንኑ ያውቁታል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ መነሻቸው የራሳቸው ልጅ ነበር። ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናገሩ፤ "የእኔም ልጅ እንዲህ ነው" የሚሉ እናቶች ከየቤታቸው ብቅ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ይህን ሥራ አልተዉትም። እንደ እሳቸው ማዕከል መክፈት ለሁሉም አይቻልም። ጎረቤቷ ልጇን ቤት ቆልፋበት ወደ ሥራ እንደምትሄድ የሚያውቅ ሰው ግን በሯን ማንኳኳት ይችላል።

ቀደም ሲል ጠያቂዋ ጠበል አንስታ ነበርና አንድ ነገር ልጨምር። አስታማሚዋ በሐኪሙና በዘመዶቿ መካከል ትጎተታለች፤ አንዱ መድኃኒቱን ይላል፣ ሌላው ጠበሉን። ጠበል ለመጠመቅ መድኃኒት ማቋረጥ አያስፈልግም። በተለይ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም፣ የኤች አይ ቪና የስኳር መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽተኛውን ለከፋ አደጋ ይዳርገዋል፤ ያን ጊዜ ሌሊቱን የምታነጋው ምክር ሰጪው ዘመድ ሳይሆን እሷው ናት።

አሁን ወደ ቤተሰብ እንግባ። አምስት ልጆች ያሏት እናት ስትታመም አምስት አስታማሚ የላትም፤ አንድ ናት ያላት። ያላገባችው ሴት ልጅ፣ ወይም ቅርብ የምትኖረው፣ ወይም "ሥራ የላትም" የምትባለው ናት። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም፤ እንዲሁ በዝምታ እሷ ላይ ወደቀ። ሌላዋ እህት ደግሞ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ናት፤ ገንዘብ ትልካለች፣ በየቀኑ ትደውላለች።

"እማዬ እንዴት አደረች?"

"ደህና ናት። ትንሽ ቀምሳለች።"

"መድኃኒቷን ወሰደች?"

"ወስዳለች።"

"በርቺ እሺ እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ቅዳሜ ብር እልካለሁ።"

ስልኩ ይዘጋል። "አንቺስ ተኛሽ ወይ?" የሚል ጥያቄ አልተጠየቀም። ውጭ ያለችውም እኮ ትሠቃያለች፤ ሁለት ሥራ ትሠራለች፣ እናቷ ሳታያት እንዳትሞት ትሰጋለች፣ ስልክ ሌሊት ሲጮህ ልቧ ይቆማል። አንዷ "ብር ስለላኩ ተወጣሁ" ብላ እንዳታስብ፣ ሌላዋ "ብር ብቻ ልካ ዳር ቆመች" ብላ እንዳትቀየም በግልጽ መነጋገር ይሻላል። ከሚላከው ላይ የተወሰነው "ይህ የእማዬ መድኃኒት ነው፤ ይህ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ለምትረዳሽ ሴት የሚከፈል ነው" ተብሎ ተለይቶ ይላክ። ካልተለየ አስታማሚዋ ለራሷ ዕረፍት አንዲት ሳንቲም አታወጣም። አገር ቤት ስትመጡ ደግሞ እንደ እንግዳ አትቀመጡ፤ ቁልፉንና የመድኃኒቱን ሰዓት ተቀበሉና እህታችሁን ለአንድ ሳምንት ከቤት አስወጧት።

አሜሪካ ላላችሁ አድማጮች የሚጠቅም አንድ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ በጠና የታመመ ወላጅን ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት፣ ያለ ክፍያ ነገር ግን ሥራን ሳያጡ፣ ፈቃድ ይሰጣል። ቢያንስ 50 ሠራተኞች ላሉት ድርጅት አንድ ዓመት የሠራችሁና በዚያ ዓመት 1,250 ሰዓት የሞላችሁ መሆን ይኖርባችኋል። ወላጃችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ቢሆንም ካከማቸው ሐኪም የተጻፈ ማስረጃ ተቀባይነት አለው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ሥራውን ለቆ ይመጣል፤ ወይም ሳይመጣ ይቀራል።

እኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይፈቅዳል፤ ይህም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አባቷን ስትሮክ ለመታባት ሠራተኛ አምስት ቀን ከሆስፒታል ለመውጣትም ላይበቃ ይችላል። ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሠሪዎችም ሕጉ እስኪሻሻል ሳይጠብቁ ሰዓት ማሸጋሸግና የዓመት ፈቃድን ከፋፍሎ መስጠት ይችላሉ።

አሁን ጉልበት ስለሚያድነው ዘዴ ጥቂት እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ብትይዙ አይከፋም። በሽተኛችሁ ከሆስፒታል ሊወጣ ሲል ነርሷን "እባክሽ አንድ ጊዜ እኔ ላድርገውና አንቺ እዪኝ" በሏት። ማገላበጥ፣ ማንሳት፣ ማጉረስ፣ ቁስል ማጠብ፣ የሽንት ቱቦ መያዝ በቃል ተነግሮ አይያዝም፤ በእጅ ተሠርቶ ነው። ሰው ስታነሱ ወገባችሁን አታጉብጡ። እግራችሁን ከፈት፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ ሰውየውን ወደ ደረታችሁ አስጠግታችሁ በጭናችሁ ኃይል ተነሡ። ስትዞሩ ወገብ ብቻ አይጠምዘዝ፤ እግራችሁም አብሮ ይዙር። አልጋ ላይ ወደ ላይ ለመሳብ ደግሞ ከትከሻው እስከ ዳሌው ድረስ የታጠፈ አንሶላ ከሥሩ አንጥፉና ሁለት ሆናችሁ ግራና ቀኝ በአንሶላው ሳቡት። ስትሮክ የመታውን ሰው በደከመው እጁ ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል።

ከአልጋ የማይነሳ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑን መቀየር አለበት፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚበቃው ሐኪማችሁን ጠይቁ። ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ ጅራት አጥንቱንና የትከሻውን አጥንት በየቀኑ ተመልከቱ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ዳብሱት። ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ሆኖ ካገኛችሁት ቁስል ሊሆን ነውና ያን ቦታ አታሹት፣ ክብደትም አታሳርፉበት። ስታጎርሱ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ ይቆይ። ውኃ ሲጠጣ ዘወትር የሚያስለው ከሆነ የመዋጥ ችግር ሊኖር ስለሚችል ለሐኪም ንገሩ። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው የምታስታምሙ ከሆነ ደግሞ መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ፣ እናንተም ጭምር፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

የሚቀረው ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ነገር ነው። አስታማሚ ትናደዳለች። ለአሥረኛ ጊዜ የተቀየረ አንሶላ ሲረጥብ ትጮኻለች፤ ከዚያ ታለቅሳለች። አንድ ሌሊት "ምነው በተገላገለች" የሚል ሐሳብ ውል ይላትና ራሷን ትረግማለች። ይህ የብዙ አስታማሚዎች ስሜት ነው፤ ክፋት ሳይሆን ድካም ነው። ለንስሐ አባታችሁ፣ ለሼካችሁ፣ ለታማኝ ጓደኛችሁ ተናገሩት። ንዴቱ እጃችሁ ላይ የደረሰ ሲመስላችሁ በሽተኛው እንዳይወድቅ አድርጋችሁ አስተካክሉትና ከክፍሉ ውጡ፤ ደጅ ቆማችሁ ተንፍሱ፤ ሰው ጥሩ። ጠያቂዎችም ብትሆኑ እንዲህ ያለ ነገር ስትነግራችሁ "እንዲህ አይባልም፣ ጽድቅሽን አታበላሺ" ብላችሁ አፏን አትዝጉት። ዝም ብላችሁ ስሟት።

ድካሙ ወደ ሕመም መሻገሩን የምትለዩባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በአብዛኞቹ ቀናት ልባችሁ አዝኖ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ ነበር? ወይስ ደስ ይላችሁ የነበረው ነገር ሁሉ ደስታ አጥቶባችኋል? ለአንዱም ቢሆን "አዎ" ካላችሁ ለበሽተኛው ቀጠሮ በሄዳችሁበት ቀን ለራሳችሁም ካርድ አውጡ። ድባቴ የሚታከም በሽታ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ተናግራችሁ፣ ብቻችሁን ሳትሆኑ ወደ ሕክምና ሂዱ። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ስትመጣ ስለ በሽተኛው ብቻ አትንገሯት፤ ግፊቴን የት ልለካ፣ ማን ይርዳኝ ብላችሁ ጠይቋት።

በሽተኛው ሲያርፍም የአስታማሚዋ ነገር አያበቃም። እስከ ሰባቱ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ከአርባው በኋላ ግን ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። እሷ የምትመለስበት ሥራ ላይኖራት ይችላል፤ ማስታመሙ ወስዶባታል። ሌሊት በመድኃኒቱ ሰዓት ትነቃለች፣ ቀን እጇ የሚይዘው ያጣል። "አሁንማ አረፍሽ" አትበሏት። በዚያ ወር ውስጥ አንዳችሁ ይዛችኋት ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ግፊቷና ስኳሯ ይለካ፣ የቆየ የወገብና የጥርስ ሕመሟ ይታይ፣ ያቋረጠችው መድኃኒት ካለ ይጀመርላት። "ለሦስት ዓመት እናቴን አስታምሜያለሁ" ብላ ለሐኪሙ ትንገረው፤ ሐኪሙ ሊያውቀው የሚገባ የጤና ታሪኳ ነው። ትምህርቷን ወይም ሥራዋን አቋርጣ ከሆነም ወንድምና እህቶቿ ውርስ ከመከፋፈላቸው በፊት እሷ እንዴት ትቋቋም የሚለውን ይነጋገሩበት።